ሚልኪና የአባቴ ጉድጓድ

ትናንት የልጅ ልጄ ከትምህርት ቤት መጥታ «አያቴ፣ ስኬት ምን ማለት ነው?» ስትለኝ፣ ጎረቤታችን የቤት መሠረት እያስቆፈረ ነበርና የእርጥብ አፈር ሽታ በመስኮት ገባ፤ መልሱን ትቼ፣ አዳማ በባቡር ጣቢያው ዙሪያ የተጠጋጉ ጥቂት የሣር ቤቶች ወደነበረችበት ዘመን ጭልጥ ብዬ ሄድኩ።

ያኔ ስኬት የሚል ቃል ከሰው አፍ ሰምቼ አላውቅም። ነገሩ የሰመረለትን ሰው «ቀናው» እንል ነበር፤ ኦሮሞ ጎረቤቶቻችን ደግሞ «ሚልካኤ» ይላሉ። ውሃ የምንቀዳው ከአዋሽ ነው። እናቴ እርጉዝ ሳለች እንስራ አዝላ ስትመለስ መንገድ ላይ ወደቀች፤ አባቴ በማግስቱ ጓሯችንን መቆፈር ጀመረ። ጎረቤታችን ኦቦ ገመዳ አፈሩን በገመድ ይጎትትለታል፤ አላፊ አግዳሚው «ሲኦል ልትደርስ ነው?» እያለ ይስቅበታል። ክረምት ሊገባ ሲል ከጉድጓዱ «መጣ! መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማ። ኦቦ ገመዳ አባቴን እታች ረስቶት «ሚልካኤ! ሚልካኤ!» እያለ በሰፈሩ ሮጠ። በዚያው ሰሞን እህቴ ስትወለድም ስሟን እሱ አወጣላት፤ ሚልኪ።

ሚልኪ ሳቂታ ነበረች። የወተት ጥርሶቿ ወልቀው አዲሶቹ ሲበቅሉ ግን ቡናማ ሆነው ወጡ። እናቴ በከሰል ፈተገቻቸው፣ በጨው አሸቻቸው፤ አልለቀቁም። እኔ በአዋሽ ውሃ ነበር ያደግሁት፤ የእኔ ጥርስ ነጭ ነበር። ልጆች ሲያሾፉባት እጇን አፏ ላይ ማድረግ ለመደች።

አንድ ቀን ከዝዋይ በኩል የመጣ የከብት ነጋዴ እደጃችን አረፍ ብሎ አያት። «ይቺ ልጅ በጉድጓድ ውሃ ነው እንዴ ያደገችው?» አለ። «የእኛም ልጆች ጉድጓድ ከቆፈርን ወዲህ እንዲህ ሆኑ።»

አባቴ በማግስቱ አህያውን ጭኖ ውሃ ሊቀዳ አዋሽ ወረደ። ጥርሶቿ ግን በቅለው አልቀዋል። ከዚያ በኋላ ሰው «ለአንተስ ቀንቶሃል» ሲለው ተነስቶ ይሄዳል።

በአባቴ የመጨረሻ ሕመም ጊዜ ሚልኪ ባለትዳር፣ የልጅ እናት ሆና ነበር። አልጋው አጠገብ አስቀምጧት «እስቲ እጅሽን ከአፍሽ ላይ አንሺና ሳቂልኝ» አላት። እጇን አንስታ ሳቀችለት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አባዬ፣» አለችው፣ «እኔ እኮ ውሃ ጠምቶኝ አያውቅም።»

አልዞረም። ካደገች ወዲህ የእህቴን ሳቅ በሙሉ ፊቷ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።