ያስተካከልነው እርካብ

በጥቅምት ወር፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ እትዬ አስካለ የሟች ባላቸውን ኮርቻ አይተው «ይሄ የሱ አይደለም» አሉ። ኮርቻው የባላቸው ነበር። ጥፋቱ ግን የኔ ነበር።

ባቡሩ አቃቂ ይቆም በነበረበት ዘመን ነው። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ትልልቅ ነገር ዘግቤያለሁ። ከሁሉም ቶሎ ትዝ የሚለኝ ግን ይሄ ያልዘገብኩት ነው።

የእትዬ አስካለ ባል፣ ጋሽ ጉተማ፣ አከራዬ ነበሩ። በልጅነታቸው ከፈረስ ወድቀው ግራ እግራቸው አጥሮ ቀርቷል። ያም ሆኖ ፈረስ መጋለብ አልተዉም። ከባቡር ሥራ ጡረታ ከወጡ በኋላ ውሏቸው ከዳማ ፈረሳቸው ጋር ነበር።

የዚያን ሳምንት ረቡዕ አረፉ። ዘመዶቻቸው ከሞጆ በቅዳሜው ባቡር ለለቅሶ ሊመጡ ሆነ። በአገራቸው ወግ የሟቹ ፈረስ ሙሉ ጌጡን ለብሶ፣ ባዶ ኮርቻ እንደተጫነ በለቃሹ መሀል ይሳባል። እትዬ አስካለ የለመኑኝ ይህ እንዳይጎድልባቸው ብቻ ነበር።

የኮርቻው የሆድ ማሰሪያ ተበጥሶ ስለነበር ዓርብ ዕለት ተሸክሜ በሰቃ ሰፈር፣ ኮርቻ ሠሪው ጋሽ በየነ ዘንድ ወሰድኩት። ማሰሪያውን ሰፍተው ሲጨርሱ ኮርቻውን አገላብጠው አዩት።

«እርካቡ አንዱ ከፍ፣ አንዱ ዝቅ ብሏል። ማን ነው እንዲህ ያሰረው? ላስተካክለው?»

«ያስተካክሉት» አልኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ጋሽ ጉተማ ግቢው ውስጥ ሲያነክሱ በየቀኑ እያየሁ ኖሬ።

ቅዳሜ ጠዋት ፈረሱ ግላሱን ለበሰ፤ ልጓሙ ገባለት፤ ኮርቻው ተጫነ። እትዬ አስካለ ፊት ለፊቱ ቆመው ግራ ቀኙን አዩ። ሁለቱ እርካቦች እኩል ተንጠልጥለዋል።

«የኔ ሰው እንዲህ አይቀመጥም» አሉ።

ባቡሩ የሚገባው አራት ሰዓት ላይ ነው። በጋሪ በሰቃ ደረስኩ። ነገሩን ስነግራቸው ጋሽ በየነ ወስፌያቸውን አስቀመጡ።

«አንተ፣ ጋዜጠኛ ነኝ አላልከኝም? የሰው እግር ሳታይ ምኑን ታያለህ?»

መልሴን አልጠበቁም፤ ቀድመውኝ ጋሪው ላይ ወጥተዋል።

ግቢ እንደደረስን የግራውን እርካብ ጠፍር በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ዘለበቱ ለዓመታት የተቀመጠበት ቦታ ቆዳው ሰርጉዷል። እዚያው መልሰው አሰሩት። ከዚያ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እቴ፣ እስኪ እርስዎ ይዩልኝ። እኔ ሰውየውን አላውቃቸውም።»

እትዬ አስካለ እርካቡን ከሥሩ በመዳፋቸው ደገፍ አደረጉት። ልክ እግር እንደሚይዝ ሰው።

«አዎ» አሉ። «አሁን እሱ ነው።» ከረቡዕ ወዲህ ያለቀሱት ገና ያን ጊዜ ነው።

የባቡሩ ፊሽካ ሲሰማ ፈረሱ ከግቢ እየወጣ ነበር። ጋሽ በየነ ማንንም ሳያውቁ እስከ መጨረሻው ከለቃሹ ጋር ቆዩ።

ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ። ግን እኚያ ኮርቻ ሠሪ በዚያ ጠዋት አብረውኝ በመምጣታቸው ደስታዬ ከሐፍረቴ ይበልጣል።

ማታ ኮርቻውን ያወረድኩት እኔ ነኝ። ግድግዳው ላይ ከመስቀሌ በፊት እርካቦቹን በእጄ ለካሁ። ግራው እርካብ ከቀኙ በአራት ጣት ከፍ ይላል።