ስልኩ ሳይዘጋ

ዛሬ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ የተሳፈርንበት ሚኒባስ ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣና በቆሎ ማሳ ውስጥ ገብቶ ቆመ። ተመስገን፣ ከበቆሎው በቀር የተጎዳ የለም።

እኔ ግን ያን ጊዜ ልጄን በስልክ እየተቆጣሁ ነበር፤ በሒሳብ ፈተና ዝቅተኛ ውጤት አምጥታ። ስልኩ ከእጄ ወደቀ እንጂ አልተዘጋም። ጩኸታችንን ሁሉ ሰማች።

ከወንበር ስር ፈልጌ ሳነሳው «አጠናለሁ እማዬ! ከእንግዲህ አጠናለሁ!» እያለች ታለቅሳለች።

አጠገቤ የተቀመጡት እናት «ኧረ ደህና ነኝ በያት ልጄ!» አሉኝ። «ደህና ነኝ፣ እየመጣሁ ነው» አልኳት።

ቤት ከገባሁ ጀምሮ ቀሚሴን አልለቀቀችም። ውጤቱን ማን አስታውሶት! መኪና ጥሩንባ ባሰማ ቁጥር ሁለታችንም ብድግ እንላለን።

አሁን ደግሞ «ነገም ቡሬ ትሄጃለሽ?» ትለኛለች። ሥራዬ እዚያ ነው፤ ምን ልበላት?

እንዲህ የገጠማችሁ እናንተስ በማግስቱ እንዴት ተሳፈራችሁ?