ከልክ በላይ የጠበቀው ቡሎን

አጎቴ ባረፉ በአርባ ቀናቸው፣ ለተዝካር የመጣው ሁሉ ስለ ደግነታቸው ያወራል። እኔ የማስበው ግን ስለ አንድ ቡሎን ነው።

መካነ ሰላም ውስጥ የአሮጌ ጭነት መኪናቸው ሹፌርም መካኒክም እሳቸው ነበሩ። ሞተር ከማስነሳታቸው በፊት መሪውን በሁለት ጣት ወዲያና ወዲህ እያወዛወዙ ያዳምጣሉ። «መሪ ትንሽ ላላ ይበል፤ ካጠበቅሽው ገደል አፋፍ ላይ እምቢ ይልሻል» ይሉኝ ነበር።

በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ የደርግ ካድሬዎች የወግዲ ገበሬዎችን ለሰፈራ እንዲያጓጉዙ አዘዟቸው። በዋዜማው የመሪውን ሳጥን ፈትተው፣ ግራሶ ሞልተው መልሰው ገጠሙት። ጠዋት ሰዉ ተጭኖ ካበቃ በኋላ መሪው አልዞር አለ። የማስተካከያውን ቡሎን ከልክ በላይ አጥብቀውት ኖሯል።

«ምነው አያ፣ እርስዎ?» አልኳቸው።

«ማርጀቴ ነው መሰለኝ» አሉ፤ ዓይኔን ግን አላዩም። ሳጥኑን ዳግመኛ ፈትቶ መግጠም ቀኑን ስለሚፈጅና ሌላ መኪና ስላልነበረ ሰዉ ወርዶ ወደ ቀዬው ተመለሰ።

ተዝካሩ ላይ ከወግዲ የመጡ አንዲት እናት «ከቀዬዬ ሳልነቀል የቀረሁት በእሳቸው ነው» ብለው አለቀሱ። አብረዋቸው የመጡት ሽማግሌ ግን እህል አልቀመሱም። «ያን ቀን ብንሄድ ኖሮ ልጆቼን ራብ አይጨርሳቸውም ነበር» አሉኝ በቀስታ።

ሰዉ ሲበተን ወደ አሮጌ መኪናቸው ጋቢና ገባሁና መሪውን በሁለት ጣቴ ወዘወዝኩት። ትንሽ ላላ ብሏል፤ እንደሚወዱት። ጆሮዬን ሰጥቼ ብዙ ጠበቅሁ።

አያ፣ በዚያ ዋዜማ ተሳስተው ነው?