የመጀመሪያው እምቢታ

«በናትሽ ነይልኝ፤ አንቺ ከሌለሽ ጠረጴዛው ስር ነው የምገባው» አለችኝ ጓደኛዬ።

ዩኒቨርሲቲ አብረን ተምረናል። ወላጆቿ በልጅነቷ ከፈረንሳይ፣ ከስትራስቡርግ ከተማ፣ ይዘዋት መጥተው እዚህ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ኤይን ሀትኽሌት ሰፈር ነው የሚኖሩት። እጮኛዋ ደግሞ ከአሜሪካ ብቻውን መጥቶ እዚሁ ሥራ የያዘ ልጅ ነው። በዚያ ሳምንት እናትና አባቱ ከኦሃዮ ስለመጡ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው እራት ሊበሉ ነበር። እኔ የተፈለግሁት ለእንግሊዝኛዬ ነው። የጓደኛዬ አባት እንግሊዝኛ ይሰማሉ እንጂ መናገር አይወዱም። አሜሪካኖቹ የሚያውቁት ዕብራይስጥ ደግሞ ከጸሎት መጽሐፍ የማያልፍ ነው።

ሰው ፊት መናገር ይጨንቀኛል። አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ሹፌሩን ከመጥራት አንድ ፌርማታ አልፌ በእግሬ ብመለስ እመርጣለሁ። ያን ቀን ግን ከጠዋት ጀምሮ ልቤ በደስታ ይዘል ነበር። እኛ ከኢትዮጵያ የመጣን ነን፤ በእኛ ቤት የጋብቻ ነገር የሽማግሌዎች ጉዳይ ነው፤ ሴት ልጅ ከጓዳ ሆና ጆሮዋን ታቆማለች እንጂ መሀል አትቀመጥም። እኔ ግን መሀል ልቀመጥ ነው!

የልጁ እናት በሩ ላይ ማን መሆኔን እንኳ ሳይጠይቁ አቀፉኝ። ትልቅ ኬክ ይዘው መጥተዋል። የጓደኛዬ እናት አመስግነው ተቀበሉና ወደ ወጥ ቤት አስገቡት፤ ኬኩም ከዚያ አልተመለሰም። እሳቸው ከጠዋት ጀምሮ የለፉበት የፖም ታርት ነበራቸውና ሌላ ጣፋጭ ማቅረብ አልታያቸውም። አሜሪካዊቷ ግን እራት እስኪያልቅ ድረስ ዓይናቸው ከወጥ ቤቱ በር አልተነቀለም።

የልጁ አባት ገና ሳይቀመጡ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና «ድንቅ ነው! ስንት ገዛችሁት?» አሉ።

እኔ ደንግጬ ለጓደኛዬ አባት «ቤታችሁ ያምራል ይላሉ» ብዬ ተረጎምኩ። እንግሊዝኛ እንደሚሰሙ ረስቼ! በግማሽ ዓይናቸው አዩኝና ወይኑን መቅዳት ቀጠሉ።

አሜሪካኖቹ ሾርባውን ድንቅ አሉት፤ ዳቦውን ድንቅ አሉት፤ መጋረጃውንም ድንቅ አሉት። ጓደኛዬ በጆሮዬ «ሁሉን ድንቅ ካሉት፣ ድንቅ የሆነውን ምን ሊሉት ነው?» አለችኝ።

አባቷ ደግሞ ለሁሉም ነገር «አይደለም» ይላሉ። የልጁ አባት የናታንያን ባሕር የሚያህል ውብ ባሕር አላየሁም ቢሉ፣ «አይደለም፤ ደህና ባሕር ነው እንጂ ከዚህ የሚበልጥ ሞልቷል» አሏቸው። የዘመኑ ልጆች ከእኛ ይሻላሉ ቢሉ፣ «በፍጹም፤ በምን ይሻላሉ?» አሉ። እንዲህ ባሉ ቁጥር ወንበራቸውን ጠጋ ያደርጋሉ፣ ዓይናቸው ያበራል፣ ለእንግዳቸው ይቀዳሉ። እንግዳው ግን ቃላቸው እየቀነሰ ሄደ። የሚገርመው፣ ቃላቸው ባነሰ ቁጥር ፈገግታቸው እየሰፋ መሄዱ ነው።

በመሀሉ አንዲት ቁራሽ ታርት ቀርታ ነበር። የልጁ እናት ሳህኑን አንስተው «ውሰጂ እንጂ» አሉኝ። በጣም አምሮኛል። ግን እንዳደግሁት «አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩና ሁለተኛውን ልመና መጠባበቅ ጀመርኩ። እሳቸው «እሺ የኔ ቆንጆ» አሉና ቁራሿን ለባላቸው ሰጧት። አልተለመንኩም! ሹካውን በዓይኔ እየተከተልኩ ቀረሁ።

በመጨረሻ የልጁ አባት ጉሮሯቸውን ጠርገው «ሠርጉ በበጋ፣ ባሕሩ ዳር ባለ አትክልት ስፍራ ቢሆን ብለን አስበናል» አሉ።

«አይሆንም» አሉ የጓደኛዬ አባት።

አሜሪካኖቹ ባልና ሚስት ተያዩ። ከዚያ ተነሡ። ምሽቱ ድንቅ ነበር አሉ፣ ሁላችንንም አንድ በአንድ አቀፉ፣ ልጃቸውን አስከትለው ሻይ ሳይጠጡ ወጡ። የጓደኛዬ አባት በሩ ላይ ቆመው «ምን ሆኑ? ጨዋታው ገና ሲደምቅ!» አሉ።

በማግስቱ ጓደኛዬ እያለቀሰች ደወለችልኝ። የልጁ ወላጆች የጉዟቸውን ቀን አሳጥረው እሁድ ሊበሩ ነው። «አባትየው ሴት ልጁን ከለከለን፤ በማይፈልጉን ቤት ልጃችንን አንድርም» ብለዋል። ልጁም ከሁለት ወገን ተወጥሯል።

«አባትሽ ይደውሉላቸዋ!» አልኳት።

«እምቢ አለ፤ ሁላችሁም ስልኬን አትንኩ ብሏል። ‹ምን አደረግኋቸው? ከቤቴ የወጡት እየሳቁ ነው። የከፋው ሰው ድንቅ ነበር ብሎ ይሄዳል? ለካ አሜሪካኖች ጥርሳቸውን የሚያሳዩት ደስ ሲላቸው ሳይሆን ለጥርስ ሐኪም ነው› ይላል። የልጁ አባት ደግሞ፣ አውሮፓውያን ለመሳቅ ፈቃድ የሚጠይቁ ይመስላል ብለውልሻል። የኔ እህት፣ እሁድ ከበረሩ አለቀ፤ እሱም እነሱን ተከትሎ ይሄዳል።»

እኛ የምንኖረው እዚሁ ናታንያ፣ ዶራ ሰፈር ነው። ስልኩን ስዘጋ አባቴ በረንዳ ላይ በቆርቆሮ የተከለውን ጎመን ውኃ ያጠጣ ነበር። ዓይኔን አይቶ «ምነው ልጄ?» አለኝ። ሁሉንም ነገርኩት።

ጨርሼ ስቆም «ቆይ፣ ሁለቱም ፈረንጆች አይደሉም እንዴ? ፈረንጅና ፈረንጅን ምን ያጣላዋል?» አለ።

«አንዱ አሜሪካዊ፣ አንዱ ፈረንሳዊ ናቸው አባዬ። አይመሳሰሉም።»

«ይሁን። ለመሆኑ የልጅቱ አባት ምን አለ?»

«አይሆንም አሉ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አንዴ።»

አባቴ ማጠጫውን አስቀመጠ። «አንዴ! በአንድ እምቢታ ተነሥተው ሄዱ? ኧረ ወዲያ! ልጅ እንዲህ በዋዛ ይሰጣል እንዴ? እሺ ቢላቸው ነበር የሚያሳፍረው፤ ልጅቱ የከበደችው ነው የሚመስለው። እናትሽን ስጠይቅ ሽማግሌ የላክሁት አራቴ ነው።»

«አምስቴ ነው» አለች እናቴ ከውስጥ። «ያንደኛውን ቀን ውሻው አባሯቸዋል።»

አባቴ በሰፈራችን የተጣላን የሚያስታርቅ፣ ለጋብቻ የሚላክ ሽማግሌ ነው። «ለልጁ ንገሪው፤ የእሱን ወገን ሆኜ እሄድላቸዋለሁ» ሲለኝ፣ በእፍረትና በደስታ መሀል ሆኜ ፊቴ ጋለ። ልጁ አባቴን ያውቀዋል፤ በበዓል ከጓደኛዬ ጋር ቤታችን መጥቶ ያውቃል። ስነግረው በስልኩ ውስጥ ሲስቅ ሰማሁት። ወላጆቹንም እንደምንም አሳመናቸው። እናቱ ምን እንዳሉ መናገር አያስፈልገኝም፤ ድንቅ ነው አሉ።

ዓርብ ጠዋት አባቴ ነጭ ነጠላውን ለብሶ፣ በትሩን ይዞ፣ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችንን አስከትሎ ኤይን ሀትኽሌት ደረሰ። አስተርጓሚ ነኝና እኔም ከኋላ አለሁ። አሜሪካኖቹ ከነልጃቸው ታች መኪና ውስጥ ቀሩ። «የልጁ አባት ራሱ አይለምንም» ብሏቸው ነበር አባቴ።

ሳሎኑ መሀል ሁለቱ ሽማግሌዎች ቆሙ። የጓደኛዬ እናት ወንበር አቀረቡ።

«አንቀመጥም፤ ጉዳያችንን ሳንናገር መቀመጥ አይገባንም» አለ አባቴ። በዕብራይስጥ ተረጎምኩ። እናትየው ቀስ ብለው «ወገባቸውን ያማቸዋል?» ብለው ጠየቁኝ። ሳቄን ለመያዝ ጉንጬን ነከስኩ።

«ልጅዎን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አለ አባቴ።

የጓደኛዬ አባት እጃቸውን አጣጥፈው ግራ ቀኝ አዩ። «ለምን ራሳቸው አልመጡም?»

«የገዛ ልጁን ማን ያማል? እኛ ግን ከፈለጉ እናማልዎታለን።»

ይህን ስተረጉም የሰውየው ቅንድብ ተነሣ። «እስቲ እሙት!»

«እየጎረሰ ያወራል» አለ አባቴ። «የጫማው ክር ሁልጊዜ እንደተፈታ ነው» አለ ጎረቤታችን። «ነገር ግን» አለ አባቴ፣ «ቤቴ መጥቶ በልቶ ሲያበቃ፣ ማንም ሳያዘው ተነሥቶ ለእኛ ለሽማግሌዎች እጅ ያስታጠበ እሱ ነው። እንግዲህ ምን ይሉናል?»

«አይሆንም!» አሉ የጓደኛዬ አባት፣ ድምፃቸው ደስ ብሎት። «በበጋ? ባሕር ዳር? በዚያ ሙቀት ሽማግሌ ገድለን ነው የምንድረው? ነፋሱስ? አይሆንም! በክረምት ነው፣ አዳራሽ ውስጥ!»

ቃል በቃል ለአባቴ ነገርኩት። እየተረጎምኩ ሳለሁ ነገሩ ገባኝ። የተከለከለው በጋው ነው! ልጅቱ አይደለችም! በእራቱ ቀን ያችን ቃል ተከትሎ የሚመጣውን ለመስማት ማንም አልቆየም ነበር።

አባቴ ወደ ጎረቤታችን ዞሮ «ሰማህ?» አለው።

«ሰማሁ። እሰይ!»

እጅ ነሥተው «እንመለሳለን» አሉና ወጡ። ደረጃውን ሲወርድ አባቴ በትሩን ረስቶት በብብቱ ይዞት ነበር። ፊቱ የበዓል ቀን ይመስላል። አሜሪካኖቹ ያን ፊት አይተው ከመኪናው ዘለው ወረዱ።

«ምን አሉ?» አሉኝ አባትየው።

«እምቢ አሉ» አልኩ በእንግሊዝኛ።

እናትየው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አባቴ ከጎኔ ራሱን እየነቀነቀ ይስቃል። አሜሪካዊው አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን ያያሉ። «ታዲያ እሳቸው ምን ያስቃቸዋል?»

ያን ጊዜ ነው አንደበቴ የተፈታው። በሕይወቴ ያን ያህል እንግሊዝኛ በአንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም፤ ያውም መንገድ ዳር ቆሜ፣ በእጄም በእግሬም! እኚህ ሰው ልጃቸውን አልከለከሉም፣ በጋውን ነው የጠሉት አልኳቸው። በዚያ ቤት «አይሆንም» ማለት ወንበር ሳብ አድርጎ ቁጭ በልና እንነጋገር ማለት ነው። በእኛም ቤት የመጀመሪያው እምቢታ ለክብር ነው፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ነው። ለዚህ ነው አባቴ የሚስቀው። እርስዎ ግን ሳይስማሙ ሲቀሩ ፈገግ ብለው ዝም አሉ፤ እሳቸውም የተስማሙ መሰላቸው። «ያን ቀን አብረዋቸው ቢከራከሩ ኖሮ እስካሁን ሠርጉ ተቆርጦ ነበር» አልኩ። እንዳበቃሁ ሁሉም እያዩኝ መሆኑን አየሁና ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብኩ።

«ታዲያ ምን ላድርግ?» አሉ።

«ደረጃውን ይውጡና እምቢ ይበሏቸው።»

«በገዛ ቤቱ? እናቴ ከመቃብር ትነሣብኛለች!»

«ሂድ እንጂ አባዬ!» አለ ልጃቸው ከኋላ እየገፋቸው።

ሁላችንም ተከትለን ወጣን። በሩ ሲከፈት የጓደኛዬ አባት በመገረም ቆሙ። አሜሪካዊው እስከ ጆሯቸው ቀልተዋል። አፋቸውን ከፈቱ፣ ፈገግ ሊሉ ከጀሉ፣ ፈገግታውን እንደምንም አጠፉና «በክረምት አይሆንም» አሉ። «ዝናብ ነው። እህቴ ጉልበቷን ያማታል። አይሆንም!»

ጓደኛዬ ከክፍሏ በር ላይ ቆማ እጇን ትነክሳለች።

አባቷ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። አንድ ወንበር ሳቡ። «ለምን አይሆንም?» አሉ በእንግሊዝኛ፣ ተናግረው በማያውቁት እንግሊዝኛ። «ጉልበት ወንበር ላይ ይቀመጣል። ቁጭ በልና አስረዳኝ።»

«በል አሁን እንቀመጣለን» አለ አባቴ። ከሁሉም ቀድሞ የተቀመጠ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን መተርጎም አቅቶኝ ተውኩት። ሁለቱ ሰዎች ጠረጴዛ ይመታሉ፣ ይጮኻሉ፣ አንዱ ሌላውን ያቋርጣል። አሜሪካዊው «አይደለም!» ባሉ ቁጥር እንደ ልጅ ወደ ሚስታቸው ዞር ይላሉ፤ ይቀዳላቸዋል። አባቴ ቋንቋቸውን ሳይሰማ በየመሀሉ «ይበል! ይበል!» ይላል። ዓርቡ መሽቶ ሰንበት ሳይገባ ሠርጉ በመስከረም ግድም ከሚውለው የዳስ በዓል በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ፤ በጋም አይደለም፣ ክረምትም አይደለም። ጓደኛዬ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ እየዘለለች ልትጥለኝ ነበር። አሜሪካኖቹም እሁድ አልበረሩም።

የጓደኛዬ እናት ያን ትልቅ ኬክ ከማቀዝቀዣው አውጥተው ጠረጴዛው መሀል አኖሩት። የልጁ እናት አዩት፤ ቢላውን ተቀብለው በገዛ እጃቸው ቆረሱ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ይዘው ወደ እኔ መጡ።

«አይ፣ አመሰግናለሁ» አልኩ።

«እሺ» አሉና ሳህኑን ሊመልሱ ነበር። ግን ቆም አሉ። ዞረው አዩኝ።

«ይህ ስንተኛው እምቢታ ነው?» አሉኝ።

«የመጀመሪያው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ሳህኑን መልሰው አፍንጫዬ ስር አቀረቡት። «ውሰጂ።»

«አይ» አልኳቸው ለሁለተኛ ጊዜ። ሳህኑ አልተነቃነቀም።