ግማሽ ሜዳ የነፈግኳቸው ሰዎች

አሰልጣኝነትን የጀመርኩት በሃያ ስድስት ዓመቴ፣ አዳማ ውስጥ፣ አንድ ዘለላ ሣር በሌለበት ሜዳ ላይ ነው። ጉልበቴ ተጎድቶ ኳስ መጫወት ካቆምኩ መንፈቅ አልሞላኝም ነበር። አለቃዬ ፊሽካና አንድ ወረቀት ሰጠኝና «ረዳት አሰልጣኝ ማለት ዋናው አሰልጣኝ የማይወደውን ሥራ የሚሠራ ነው» አለኝ። የማይወደው ሥራ ለምልመላ የመጡትን ልጆች ማሰናበት ነበር። ወረቀቱ ላይ የተመረጡ የሃያ ሁለት ልጆች ቁጥር ተጽፏል፤ ሜዳው ላይ የቆሙት ግን ከመቶ ይበልጣሉ። ሃያ ሁለቱን ጠራሁና ሌሎቹን ወደ ቤታችሁ ሂዱ አልኳቸው። የመጀመሪያውን ቀን ዓይናቸውን ሳላይ ነው ያሰናበትኳቸው። በሦስተኛው ምልመላ ግን ለምጄው ነበር።

የታዳጊ ቡድኑ ዋና አሰልጣኝ የሆንኩት ከሰባት ዓመት በኋላ ነው። ሥራው ልክ አለው። ማሟሟቂያ ሃያ ደቂቃ፣ ቅብብል ሃያ ደቂቃ፣ ከዚያ ግማሽ ለግማሽ ጨዋታ። የአሰልጣኝነት ላይሰንሴን ከዲ ደረጃ ወደ ሲ አሳደግሁ። ልጅ ሲሮጥ አንድ ጊዜ አይቼ ይሆናል ወይም አይሆንም እላለሁ። «በላቸው ዓይን አለው» ይባል ነበር። ከሞጆም ከአርሲ ነገሌም ልጅ እንድመርጥላቸው ይጠሩኛል። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። በኋላ የሠራሁት ጥፋት ከዚህ ኩራት ስለመጣ ነው።

ሰዓዳ የመጣችው በሥራው ላይ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ሲል ነው። የሁሩታ ልጅ ናት፤ አዳማ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ስፖርት ታስተምራለች። ልምምድ እስክጨርስ ጠብቃ ቀረበችኝ።

«አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ ጋሼ። ማክሰኞና ቅዳሜ ጠዋት ግማሹን ሜዳ ቢፈቅዱልኝ ብዬ ነው።»

«ለማን ቡድን?»

«ቡድን አይደለም። መጫወት ለሚፈልግ ሰው ሁሉ ነው።»

«ዕድሜያቸውስ?»

«ሕፃንም አለ፣ ሰባ ያለፈውም አለ። በክራንች የሚሄድም ይመጣል፣ ጆሮው የማይሰማም ይመጣል።»

ሳቅሁባት። ሁለት ሳምንት አትቆይም ብዬ በመጸዳጃ ቤቱ በኩል ያለውን ግማሽ ሰጠኋት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ሰባት ሰዎች መጡ። ሰዓዳ እያንዳንዱን ስትጠይቅ በሩቁ እሰማለሁ። ዛሬ ቁርስ በልተዋል? የደም ግፊት መድኃኒትዎን ወስደዋል? መልሱን በደብተር ትጽፋለች። ለሽማግሌዎቹ መሮጥ ክልክል ነው፤ የሮጠ ሰው ጥፋት ይያዝበታል። ክራንች ኳስ ቢነካ ጥፋት አይደለም። ለማይሰማው ልብስ ሰፊ ከፊሽካ ይልቅ ቀይ ጨርቅ ታውለበልባለች። እንዲህ ያለ ሕግ በየትኛውም ኮርስ አልተማርኩም። ይህም የእግር ኳስ ሕግ ሆነና ብዬ በውስጤ አሾፍኩ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ግማሹ ሜዳ ጠበባቸው። እናቶች መጡ፣ ከሥራ በፊት የሚጫወቱ የሱቅ ነጋዴዎች መጡ፣ አባትና ልጅ በአንድ ወገን ተሰለፉ። ሜዳው ዳር ተቀምጠው ልምምድ የሚያዩ ጡረተኞችና የጋሪ ነጂዎች ለዓመታት ፊታቸው ወደ እኔ ቡድን ነበር። አንድ ቅዳሜ ዞር ስል ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። የዚያን ቀን የተሰማኝን ነገር ስሙን አልጠራሁትም። አሁን እጠራዋለሁ፤ ቅናት ነው።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔ ስህተቷን ሲለቅም ዋለ። ቅብብል ስታስተምር የእግር አቀማመጥ አታርምም። ግጥሚያውን በሰዓቱ አትጨርስም። የእኔ ተጫዋቾች ኳስ ሲስቱ እጮህባቸዋለሁ፤ የእሷ ሰዎች ሲስቱ ይሳሳቃሉ። አንድ ጠዋት ቶሎሳ የሚባል የባጃጅ ሹፌር ላቡን እየጠረገ ሰላም አለኝ።

«አላወቁኝም አሰልጣኝ። እግርህ ከባድ ነው ብለው የመለሱኝ እኔ ነኝ። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር።»

«ብዙ ልጅ መልሻለሁ» አልኩት።

«ልክ ኖት፣ ከባድ ነው። ከዚያ ወዲህ ኳስ ነክቼ አላውቅም ነበር። እዚህ ግን ተከላካይ ነኝ።»

ቂም የለውም። ይህን ብሎኝ ወደ ሰዓዳ ሮጦ ተመለሰ። ያናደደኝ ቃሉ ሳይሆን አሯሯጡ ነው። የእኔ ልጆች ወደ እኔ እንዲያ ሮጠው አያውቁም።

የባሰው የመጣው ከገዛ ቤቴ ነው። ባለቤቴ ጥሩወርቅ ስኳር ካለባት ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሐኪሟ ተንቀሳቀሺ እያለ ይጨቀጭቃታል፤ እኔም እጨቀጭቃታለሁ፤ እሷ ግን ጉልበቴ እያለች ትቀር ነበር። አንድ ማክሰኞ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣ ሸራ ጫማ አድርጋ፣ ለአንዲት ሴት ኳስ ስታቀብል አየኋት። ትስቃለች። ቤት ስትመጣ ለምን ሳትነግሪኝ አልኳት።

«ትስቅብኛለህ ብዬ ነው።»

«የከተማው አሰልጣኝ ባልሽ ሆኖ ሳለ ሌላ ሰው ጋ ሄደሽ ትማሪያለሽ?»

«ሠላሳ ዓመት ስታሰለጥን አንድ ቀን ነይ ብለኸኝ ታውቃለህ?»

 በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፍኩ።

የአሰልጣኞች ኮሚቴ ጸሐፊ ስለነበርኩ የደብዳቤ አጻጻፍ አውቃለሁ። ሜዳውን ለሚያስተዳድረው ቢሮ፣ ላይሰንስ የሌላት ግለሰብ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን ያለ ባለሙያ እያጫወተች መሆኑን፣ አደጋ ቢደርስ ተጠያቂ እንደማይኖር፣ ለታዳጊ ቡድኑም ሜዳው መጥበቡን ገለጽኩ። እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር እውነት ነበር። ደብዳቤው በሙሉ ግን ውሸት ነበር፤ ያስጨነቀኝ የማንም ደኅንነት አልነበረምና።

በአሥረኛው ቀን ሰዓዳን ከለከሏት። አልተከራከረችም። ኳሶቿን በማዳበሪያ ከረጢት ሰብስባ፣ ሰዎቹን ይዛ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለ ጠጠራም ባዶ ቦታ ሄደች። ሜዳው ሙሉ በሙሉ የእኔ ሆነ። ተመልካቾቹ ግን ወደ እኔ አልተመለሱም፤ ግማሾቹ እሷን ተከትለው ሄዱ፣ የቀሩትም መምጣት ተዉ። ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካዬ ብቻውን ይጮሃል።

በሦስተኛው ሳምንት ጥሩወርቅ ልብሷ አፈር ለብሶ ገባች። ጋሽ ንጉሤ ወድቆ እጁ ተሰብሯል አለችኝ። ጋሽ ንጉሤ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር እያመላለሰ ያረጀ ጡረተኛ ሹፌር ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ይኖራል። ኳስ ሊመልስ ሲዞር ጠጠር አንሸራቶት ነው።

ብርቱካን ገዝቼ ልጠይቀው ሄድኩ። እጁ እስከ ክርኑ በጄሶ ታስሯል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«በላቸው፣ እንኳን መጣህ። ቢሮው ጋ የአንተ ቃል ይሰማል። ሜዳውን ብታስመልስልን።»

«ዕረፍት ያስፈልግዎታል ጋሽ ንጉሤ።»

«በዚህ እጅ በረኛ መሆን አልችልም፤ ለተከላካይነት ግን እጅ አያስፈልግም። ስማኝ፣ ከሰው ጋር የማወራው በእነዚያ ሁለት ቀናት ብቻ ነው። ሌላውን ቀን ከሬዲዮው ጋር ነኝ።»

የከለከልኩት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። ብርቱካኑን አስቀምጬ ወጣሁ። መንገድ ላይ ሰው ሰላም ሲለኝ ቀና ብዬ አላየሁም።

በማግስቱ ቢሮው ሲከፈት በር ላይ ነበርኩ። ኃላፊው ወጣት ነው፤ ደብዳቤዬን ከፋይሉ አወጣው።

«ጋሽ በላቸው፣ አደጋ አለው ብለው የጻፉት እርስዎ ኖት። አሁን ደግሞ ይፈቀድ ይላሉ?»

«ላይሰንስ ያለው ሰው ከጎኗ ይቆማል። እኔ እቆማለሁ። በእኔ ስም ይፈቀድ።»

«ሰው ቢወድቅስ?»

«እኔ እጠየቃለሁ። ጻፈውና ልፈርም።»

ፈርሜ በቀጥታ ሰዓዳ ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «ቢሮ ሲጠሩኝ አሳይተውኛል። ፊርማዎ አለበት።»

«ታዲያ ለምን ለሰዎቹ አልነገርሻቸውም?»

«ብነግራቸው ጥሩወርቅ በምን ፊቷ ትመጣለች?»

ከስድብ ይልቅ ይህ ጎዳኝ። ይቅርታ ጠየቅኋት። ይቅር ብዬዎታለሁም አላለችኝ፣ አልልምም አላለችኝ። «ጋሽ ንጉሤ ዘንድ ይሂዱና ራስዎ ይንገሩት። ማክሰኞ ደግሞ በሰዓቱ ይምጡ፣ ሰው ያንሰኛል» ብላ ወደ ተማሪዎቿ ተመለሰች።

ጋሽ ንጉሤ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ በደህና እጁ በሩን እያሳየ «በል አሁን ሂድ» አለኝ። ወጣሁ። በሳምንቱ ስመለስ ግባ ብሎ ሻይ ቀዳልኝ። ጥሩወርቅ ስነግራት አልጮኸችም። ሦስት ቀን ግን ምሳዬን አቅርባ ሌላ ክፍል ገብታ በላች።

ማክሰኞ ስሄድ ሰዓዳ ሽማግሌዎቹን ሰጠችኝ። ልማዴ ሆኖ ፊሽካ ነፋሁ፤ ሁሉም ቆሙ፣ ልብስ ሰፊው ግን ኳሱን እየገፋ ሄዶ ግብ አስቆጠረ። ሜዳው በሙሉ ሳቀ። ቀዩን ጨርቅ የያዝኩት ከዚያ በኋላ ነው። የማውቀው ሁሉ ከንቱ ግን አልነበረም። ጋሽ ንጉሤ የወደቀው በአንድ እግሩ ተሽከርክሮ መሆኑን ጠይቄ ተረዳሁ። ስለዚህ ሽማግሌዎቹን በትንንሽ እርምጃ መዞርን አስተማርኳቸው፤ ማሟሟቂያውንም አስረዘምኩ። ሰዓዳ ይህን አይታ የእናቶቹንም ቡድን እንዲሁ አሠራች። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ቤቴ ገባሁ።

ሰዓዳ የላይሰንስ ኮርስ ስትገባ የጽሑፉን ፈተና እኔ አስጠናኋት። ውጤቷ ከእኔ በለጠ። እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ቀናሁም።

አሁን ከታዳጊ ቡድኑ በጡረታ ወጥቻለሁ። ማክሰኞና ቅዳሜ ግን ሜዳ ላይ ነኝ። ጋሽ ንጉሤ እጁ ድኖ ተከላካይ ሆኗል፤ ጥሩወርቅ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ትወጣለች። ሰዎቹ ሲመጡ መጀመሪያ ሰላም የሚሉት ሰዓዳን ነው፤ እኔን በኋላ። ሁልጊዜ ልብ እለዋለሁ፤ ሁልጊዜም ትንሽ ይከነክነኛል።

ወጣት አሰልጣኞች ምክር ሲጠይቁኝ ስለ ቅብብልና ስለ አሰላለፍ የሚናገር ሌላ ሰው አለ እላቸዋለሁ። እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ከእናንተ ያነሰ የተማረ፣ ከእናንተ የበለጠ ሰው የሚወደው ሰው ይመጣል። ትቀናላችሁ፤ አይቀርም። በቀናችሁበት ቀን ደብዳቤ አትጻፉ። ሄዳችሁ ምን ላግዝ በሉ።