ከአመሩድ ጀርባ ሚዳቋ ፍለጋ

ኖርዌይ ውስጥ በቀስት ማደን ክልክል ነው። ይህን ያወቅኩት ቀስት ገዝቼ፣ የበረዶውን ወራት በሙሉ በአንድ ትምህርት ቤት የስፖርት አዳራሽ ውስጥ ዒላማ ስመታ ከከረምኩ በኋላ ነው። አሠልጣኙ አንድ ቀን ምን ልታደርግበት ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ «አጋዘን ላድንበት» አልኩት። ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ሕጉን ነገረኝ። ባለቤቴ እስከ ዛሬ እንግዳ በመጣ ቁጥር ይህን ታሪክ ታወራለች፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ምን አደርጋለሁ።

ጥፋቱ የዩቲዩብ ነው። ከሥራ ገብቼ እንቅልፍ እስኪወስደኝ ድረስ አሜሪካኖች በሕዝብ መሬት ላይ አጋዘን ሲፈልጉ አያለሁ። የወደድኩት መግደሉን ሳይሆን ፍለጋውን ነበር። ሰውየው ጎንበስ ብሎ ዱካ ያያል፣ ቅርንጫፍ ይዳስሳል፣ ነፋስ ይለካል፤ ከዚያ ቀና ይልና «ይህ መሬት የሁላችንም ነው» ይላል። እኔን የያዘኝ ይህች አነጋገር ናት። የሁላችንም የሚባል መሬት አይቼ አላውቅማ።

ቀስቱን አልጋ ሥር አስገብቼ የአዳኝነት ኮርስ ወሰድኩ፤ ፈተናውንም አለፍኩ። ቀጥሎ ጠመንጃ ለመግዛት ለፖሊስ አመለከትኩ። ሚዳቋ የምትታደንበት የእርሳስ ፍንጣሪ የሚተፋ ጠመንጃ ከቅርብ ካልሆነ አይሠራም፤ ስለዚህ ፍለጋው የቀስተኞቹን ያህል ጥንቃቄ ይጠይቃል። ፖሊስ ፈቃድ የሚሰጠው ጠባዩ ለተመሰገነ ሰው ብቻ ነው። እኔ በዚህ አገር ያለ ትኬት እንኳ ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ ፈቃዱን እንደ ተሰጠኝ ቆጠርኩት።

ከከተማው ዳር፣ አመሩድ በሚባል ሰፈር የምንኖርበት ፎቅ ጀርባው ጫካ ነው። ከመኪና ማቆሚያው አልፈህ ትንሽ ዳገት ከወጣህ ከተማው ያልቃል። ጫካው የኮሙኑ፣ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ማንም ገብቶ ይንሸራሸርበታል፣ እንጉዳይ ይለቅምበታል። ለማደን ግን ካርድ ያስፈልጋል። ለእኔም በዕጣ ደረሰኝ፤ ከመስከረም ማለቂያ ጀምሮ አንዲት ሚዳቋ።

ብሪን ከሚባለው ሰፈር ካለው የምሠራበት መጋዘን የማታ ፈረቃ በደረሰኝ ሳምንት ሁሉ ጠዋቱን ጫካ ማሳለፍ ያዝኩ። መጀመሪያ ከዛፍ በቀር ምንም አላየሁም። ቀስ በቀስ ግን ዓይኔ ተገለጠ፦ ሣሩ ወደ አንድ ጎን የተኛበት ቀጭን መንገድ፣ ወንዱ ቀንዱን ያሸበት ልጡ የተላጠ ቀንበጥ፣ ቅጠሉን በሰኮናዋ ጠራርጋ የተኛችበት ቦታ፣ የፍየል የሚመስል በጠጥ። ሚዳቋ እንደ ውሻ እንደምትጮህ ማንም አልነገረኝም ነበርና መጀመሪያ ቀን ከኋላዬ ስትጮህ የውሻውን ባለቤት ፍለጋ ዞር ዞር አልኩ። በመጨረሻ በረግረጉና በቋጥኙ መካከል አንድ ጠባብ መተላለፊያ አገኘሁ። አጠገቡ ትልቅ ጥድ ወድቋል። ከግንዱ ኋላ ብቀመጥ ነፋሱ ከእሷ ወደ እኔ ይመጣል። ነፋሱን የምለካው በበሶ ዱቄት ነበር፤ ቆንጥሬ እበትናለሁ፣ የሚሄድበትን አያለሁ፣ የቀረውን በጥብጬ እጠጣለሁ።

ጃኬቴ ቁሌት ቁሌት እንዳይል በረንዳ ላይ ማሳደር ስጀምር ባለቤቴ «ሚዳቋዋን ልታድናት ነው ወይስ ልታጫት?» አለችኝ። ከእኛ በታች ያሉት ኤርትራዊው ሽማግሌ፣ አቦይ ነው የምላቸው፣ ሥጋውን ለማን ለማን እንደማካፍል ስዘረዝር ሰምተው «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» አሉ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሥራቸው የልጅ ልጃቸውን ባርነሃገ፣ ማለትም መዋዕለ ሕፃናት፣ ማድረስና ማምጣት፣ ከዚያ በተረፈ እኔን መተረብ ነው።

በቁም ነገር የመከረኝ አንድ ሰው ነው፤ መጋዘኑ ውስጥ ፎርክሊፍት የሚነዳ ኖርዌጂያን ባልደረባዬ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ አዳኝ የሆነ። «ዋናው ነገር አለመታየት ነው» አለኝ። «አትንቀሳቀስ፣ አትናገር፣ መሬት ምሰል።»

በግንቦት አንድ ቀን ጠዋት ከወደቀው ጥድ ኋላ አቅርቦ ማሳያ መነጽሬን ይዤ ተቀምጬ ሳለ የሰው ድምፅ ሰማሁ። ብዙ ድምፅ ነበር። ተነስቼ ማየት ሲገባኝ በደረቴ ለጥ ብዬ ተኛሁ።

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ፣ እንጦጦ ሥር ነው። ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል የምናመጣው ከመንግሥት ደን ነበር። ዘበኞቹ ከደረሱ ጭራሮውንም ገመዱንም ይቀማሉ፤ ሲብስም ዱላ አለ። የሰው ድምፅ ከተሰማ መተኛት ነው። የሚሮጥ ይያዛል፣ የሚተኛ ይታለፋል፤ ያስተማረችኝ እናቴ ናት። ስንት ዘመን አልፎ፣ የኖርዌይ ፓስፖርት አውጥቼ፣ የኮሙኑን ካርድ በኪሴ ይዤ፣ ገላዬ ግን እኔን ሳያማክር ተኛ።

የመጡት የባርነሃገ ልጆች ነበሩ። ቢጫ ሰደርያቸውን ለብሰው ጫካ ሊውሉ ወጥተዋል። አንዲት ቀይ የዝናብ ልብስ የለበሰች ልጅ ግንዱን ዞራ መጣችና ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝ።

«ሄይ» አለች፤ የዚህ አገር ሰላምታ ነው። «ምን እየሠራህ ነው?»

«ሚዳቋ እየጠበቅኩ ነው» አልኳት፣ በሹክሹክታ። እውነቴን ነበር።

ልጅቷ አመነችኝ። እሷም ሚዳቋ ለማየት አጠገቤ ልትተኛ ተንበረከከች። አስተማሪዋ ግንዱን ዞራ ስትመጣ ያየችው እንግዲህ ይህንን ነው፤ ጥቁር አረንጓዴ የለበሰ ሰው ከግንድ ኋላ ተኝቶ፣ ልጅ አጠገቡ ተንበርክካ።

ዘልዬ ተነሳሁ፤ ያ ደግሞ ባሰ። ፀጉሬ ላይ ቅጠል አለ፣ አንገቴ ላይ አቅርቦ ማሳያ ተንጠልጥሏል፣ ኖርዌጂያንኛዬ የት እንደ ገባ አላውቅም። አደን አልኩ፣ ካርድ አልኩ። እሷ በትሕትና «ያ፣ ያ»፣ እሺ እሺ እንደማለት፣ እያለች ልጅቷን በክንዷ ስባ፣ ጀርባዋን ሳትሰጠኝ ወደ ኋላ ሄደች። ልጆቹን ሰብስባ ከወረደች በኋላ ስልክ ስታወራ ሰማሁ።

መሮጥ ጥፋተኛ ያደርጋል፣ መቅረትም ያው ነው። ቀስ ብዬ በመንገዱ ወረድኩ። ጫካው መግቢያ ላይ ሁለት ፖሊሶች ቆመው ነበር። ክፉ አልተናገሩኝም፤ ጠየቁኝ፣ መለስኩ፣ ካርዴን አሳየሁ። «ጨረስን?» ስል ወጣቷ ፖሊስ «ያ፣ ችግር የለም። መዝገብ ላይ ግን እናሰፍረዋለን» አለች። ጠመንጃውን የሚፈቅደው ያው ፖሊስ ነው።

ማታ ለባለቤቴ ስነግራት አልሳቀችም። የምትሠራው አረጋውያን መጦሪያ ነው፤ ስለ ሰው ፍርሃት ብዙ ታውቃለች።

«ለምን ተኛህ?»

«እኔ እንጃ።»

«አንተ ሰውዬ፣ ተነስቶ ሄይ ማለት ምን ይከብዳል? እዚህ ማን ጭራሮ ሊቀማህ ነው?»

በማግስቱ ባልደረባዬ ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። «እኔ እኮ በየዓመቱ እንዲሁ ነው የምተኛው! አንዴ እንዲያውም የባርነሃገ ልጆች ሊረግጡኝ ደርሰው፣ አስተማሪያቸው መልካም ዕድል ብላኝ አለፈች።» ከዚያ ፊቴን አየ። ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ከማሽኑ ቡና ቀድቶ ሰጠኝ።

ያን ሳምንት ደሜ ፈልቶ ሰነበተ። በእሱ መናደድ አልቻልኩም፤ የነገረኝ እውነቱን ነው። አዳኝ ካልተደበቀ አያድንም። እሱ ሲደበቅ አዳኝ ነው፣ እኔ ስደበቅ ግን ምን እንደምሆን አየሁት። ለዚህ የሚሰጥ ኮርስ የለም። ፈቃዱም አልመጣም፤ ሳምንታት አለፉ። ጫካውንም ተውኩት።

የጃኬቴን ከበረንዳ መጥፋት አስተውለው የጠየቁኝ አቦይ ናቸው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ያዝኑልኛል ስል «ያልጠረጠረ ተመነጠረ ነው እኮ! ሴትዮዋ የሰው ልጅ አደራ ይዛ ምን ልታደርግ ኖሯል?» ብለው ተቆጡኝ። ቀጥለውም «የእኔ ልጅ ልጅ ያለችበት ባርነሃገ ነው። በል ተነስ፣ ሽማግሌ እሆንሃለሁ» አሉ።

«አቦይ፣ እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም።»

«ስላላዩት ነዋ።»

ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከረባት አስረው፣ ባርኔጣቸውን ደፍተው መጡ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ይዘን እንድንሄድ ብላ ነበር፤ እሳቸው «ሚስት ልንለምንለት መሰለሽ እንዴ?» ብለው አስቀሩት። ወላጆች ልጆቻቸውን ወስደው ሲጨርሱ ገባን። አስተማሪዋ መጀመሪያ አቦይን አይታ ፈገግ አለች፤ ከኋላቸው እኔን ስታይ ፈገግታው እዚያው ቀረ።

አቦይ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በተሰባበረ ኖርዌጂያንኛ «ይህ ሰው ጎረቤቴ ነው። አውቀዋለሁ። ያጠፋው ካለ በእኔ ይሁን» አሉ። ሴትዮዋ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ምን እየተደረገ እንደሆነ አልገባትም፤ ሽማግሌ ሲቆም ቁጭ እንደማይባል ግን የገባት ይመስለኛል፣ እሷም ተነስታ ቆመች።

«ምንም አላጠፋም» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ግን ድጋሚ ቢሆን ድጋሚ እደውላለሁ። ልጆች ይዤ ነበር። ቆመህ ሄይ ብትለኝ ኖሮ ባልደወልኩ። አንተ ተኛህ።»

ስለ እንጦጦ ዘበኞች ነገርኳት። ለባለቤቴ እንኳ እንዲያ አስረዝሜ ነግሬያት አላውቅም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ፤ ይቅርታ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልጠበቅኩም። ስንወጣ ግን ለፖሊስ ደውላ ሰውየው የአካባቢው ነዋሪ ነው፣ ነገሩም ተጣርቷል ብላ እንደምትናገር ቃል ገባች። እንዳለችውም አደረገች። በነሐሴ ፈቃዱ መጣ። አቦይ «ወተቷን ባናይም በረቷን አየን» ብለው ቀለዱ።

የአደኑ ወራት በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ጎህ ሳይቀድ ከግንዱ ኋላ ነበርኩ። ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠመንጃዬ ጭኔ ላይ ነው። ቅዝቃዜው ጣት ይቆርጣል። ብርሃኑ ሲገላለጥ በመተላለፊያው አንዲት ሚዳቋ ብቅ አለች። ነፋሱ እንደለካሁት ነበር። ትንሽ ሣር ትነጫለች፣ ቀና ትላለች፣ ትነጫለች። ጎኗን እስክትሰጠኝ መጠበቅ ብቻ ነው የቀረኝ። ይህን ሁሉ ወር የፈለግኩት ይህንን ነበር፤ እዚህ መሆን፣ በፈቃድ።

ከኋላዬ የእግር ኮቴ ሰማሁ። ሰው እየሮጠ ነው፣ በጫካው መንገድ ወደ እኔ በኩል።

ገላዬ መሬቱን ፈለገ። ዝም ብል ሰውየው ምናልባት ሳያየኝ ያልፋል፣ ሚዳቋዋም የእኔ ትሆናለች። ግን ቢያየኝስ? ከግንድ ኋላ የተኛ ጥቁር ሰው፣ አሁን ደግሞ ጠመንጃ ይዞ። ጠመንጃውን ከፍቼ ጥይቶቹን አወጣሁ፤ ቀጥ ብዬ ቆምኩና እጄን አንስቼ «ሄይ!» አልኩ።

ሚዳቋዋ አንዴ ጮኸች፤ ነጭ ቂጧን አሳይታኝ ቋጥኙን ዘለለች። ሯጩ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ነበር። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ አለፈ፤ እኔ መኖሬንም አላወቀም።

እጄን እንዳነሳሁ ቆሜ ቀረሁ። ማልቀስ አማረኝ። ለአንዲት «ሄይ» ስል የተውኩት ነገር ምን ያህል እንደሆነ ለማን ይነገራል?

ባለቤቴ ከአዳር ፈረቃዋ ስትወጣ ደወለች።

«አገኘሃት?»

«አገኘኋት። ሄደች።»

«ምነው?»

«ሰው መጣ።»

«ተኛህ?»

«አልተኛሁም። ቆሜ ሄይ አልኩ።»

«ጎበዝ» አለችኝ። ቀልድ አልነበረበትም፤ ድምፅዋ ውስጥ ኩራት ነበር። ክረምት ከበጋ ያቺን ቃል ስመኛት ነው የከረምኩት፤ ልሰማት ያሰብኩት ግን ሥጋ ተሸክሜ ስገባ ነበር።