ማርታ ስንት ዓመቷ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄ ሳምራዊት ከዩኒቨርሲቲ ስትመጣ ፊቷ ጠቁሮ ነበር። ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ ወርውራ "እማማ፣ እኔ ሳይኮሎጂ የምማር ልጅ ከነርስ ተማሪዎችና ከሶሲዮሎጂዎች ጋር ምን አገናኘኝ?" አለች። ለካ የጥናት ዘዴ የሚባለውን ትምህርት ሦስቱም ክፍሎች አንድ አዳራሽ ውስጥ አብረው እንዲማሩ ተወስኗል። ስትቆጣ ብታዩዋት ነርሶቹ የሚያጠኑት የሰው ልጅ ሌላ፣ እሷ የምታጠናው ሌላ ይመስላችኋል።

ሳቄ መጣ። ሳቄን ያባሰው ደግሞ በዚያው ሰዓት ከሙዝ አገሩ ከላንቴ የተላከ አንድ ትልቅ የሙዝ ዘለላ ከባጃጅ ወርዶ በራፌ ላይ መቀመጡ ነው። ላኪዋ ማርታ ናት። ማርታ ሙዝ በላከች ቁጥር ትደውላለች፤ ከደወለች ደግሞ ሽንኩርቴን ከትፌ፣ ወጤን ጥጄ፣ ቤቱን ጠርጌ እስክጨርስ ስልኩን አትዘጋም። ስለ ዝናቡ ትነግረኛለች፣ ስለ ሙዝ ነጋዴው ትነግረኛለች፣ የጎረቤቷ ፍየል የሠራችውን ሁሉ ትነግረኛለች። ለሳምራዊት "ይቺ ሴትዮ ልጅ ሳለች አፏን መፍታት ያልቻለች፣ አእምሮዋ የዘገየ ናት ተብላ ነበር፤ ያልናትም እኛው አጥኚዎቹ ነን" ስላት አላመነችኝም። ሙዙን እየላጥን አወራኋት።

ዘመኑ የደርግ ነው። ትምህርቴን ጨርሼ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር ወላጆቼ ቤት ተመልሼ ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት በጋሞ ደጋ ሕፃናት እንዴት እንደሚያድጉ ይጠና ብሎ ሦስት ሰው ወደ ገረሴ ሲልክ አንዷ እኔ ሆንኩ። የእናቴ ቋንቋ ጋሞኛ ስለሆነ ነው መሰለኝ የመረጡኝ። የእኔ ሥራ ከቤት ቤት እየዞሩ የቤተሰቡን አኗኗር መጠየቅ ነው። ሁለተኛዋ ሲስተር ጥሩወርቅ የምትባል ጎጃሜ ነርስ ናት፤ ሕፃናቱን ከዛፍ ላይ በተንጠለጠለ ሚዛን እየሰቀለች ትመዝናለች፣ የእርዳታ ዱቄትም ታድላለች። ሕፃናቱ ይጮሃሉ፣ እናቶች ይሳሳሉ፣ እሷ ግን ቅንድቧም አይነቃነቅም። ሦስተኛው መምህር መርዕድ ነው፤ የአዲስ አበባ ልጅ፣ ጫማው የማይቆሽሽ፣ የሥዕል ካርዶችና የእንጨት ኩቦች በሻንጣ ይዞ የልጆችን አእምሮ የሚለካ።

በጥቅምት ነው የወጣነው። ከሐይቁ ዳር ሙቀት ተነስተን ዳገቱን ስንያያዘው ሲስተር ጥሩወርቅ ሹራብ ደረበች፤ ገረሴ ስንደርስ መርዕድ ብርድ ልብስ ለብሶ ነው ከመኪና የወረደው። ገብሱ አሽቷል። ጭጋጉ ከእንሰቱ ቅጠል ላይ እንደ ዝናብ ይንጠባጠባል። ያረፍንበት ቤት ባለቤት ቅቅል ድንች ከዳጣ፣ ከሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያ ጋር አቀረበችልን፤ መርዕድ ዳጣውን በማንኪያ ጎረሰና እንባው ዱብ ዱብ አለ። ሲስተር ጥሩወርቅ ያን ቀን ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ያየኋት።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እያንዳንዳችን በየፊናችን፣ የገበሬ ማኅበሩ በሰጠን በየራሳችን ረዳት ነበር የምንሠራው። ቀን ቀን አንገናኝም፤ ማታ እሳት ዳር ስንገናኝ ደግሞ ክርክር ነው። ለሲስተር የመርዕድ ካርዶች የልጆች መጫወቻ ናቸው። ለመርዕድ የሲስተር ሚዛን የድንች ነጋዴ ዕቃ ነው። እኔን ሁለቱም "አንቺማ ወሬ ነው የምትሰበስቢው" ይሉኝ ነበር። እኔም መልስ አላጣም።

አንድ ማታ ክርክሩ ስለ አንዲት ልጅ ሆነ። ልጅቷ ማርታ ናት፤ ቦጋለች የምትባል ሴት የመጀመሪያ ልጅ። መርዕድ "አእምሮዋ በጣም ወደኋላ ቀርቷል። አንድ ካርድ አልመለሰችም፣ አንድ ቃል አልወጣትም። በመንደሩ ለሚከፈተው አፀደ ሕፃናት አትሆንም" አለ።

"ምን ሆነህ ነው? እኔ ካየኋቸው ሁሉ የፋፋች ልጅ እሷ ናት!" አለች ሲስተር።

"ስለ ሥጋዋ መቼ አወራሁ?"

"ታዲያ አእምሮዋ ከሥጋዋ ውጭ ነው የሚያድረው?"

ድምፃቸው ከፍ እያለ ሄደ። የሰማ ሁሉ ሰማ። በማግስቱ ወሬው ቀድሞን ገበያ ገብቷል፤ መንግሥት የላካቸው ሰዎች የቦጋለችን ልጅ "ጎደሎ ናት" አሏት ተባለ። በመንደር እንዲህ ያለ ቃል አንዴ ከተለጠፈ ልጅ አድጎም፣ ለጋብቻ ደርሶም አይለቀውም።

ቦጋለች ጠዋት በራችን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና "ልጄ ምን ሆነች? አንዷ ደህና ናት ትላለች፣ አንዱ ጎደሎ ናት ይላል። የቱን ልመን?" አለችኝ በጋሞኛ። እጇን ያዝኩና አብሬያት ተቀመጥኩ። ሌላ ነገር ልትናገር ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ግን ዋጠችው።

ነገሩ ከሽማግሌው ከአቶ ኦይቻ ዘንድ ደረሰ። እሳቸው ያሳሰባቸው ሁለት ነገር ነው፤ እንግዶች በመንደራቸው ተጣልተው ማደራቸው፣ የሕፃን ስም በክፉ መነሣቱ። በጋሞ የተጣላ ሳይታረቅ፣ የተዋሸ ሳይነገር ከዋለ ጎሜ የሚባል በደል ይሆናል፤ ጎሜ ደግሞ ዝናብ ያስቀራል፣ ልጅ ያሳምማል ይባላል። ስለዚህ ዱቡሻ እንድንቀርብ ጠሩን። ዱቡሻ ሽማግሌዎች ነገር የሚሰሙበት ክፍት ሜዳ ነው። መርዕድ ፈራ። ያኔ እንዲህ ያለውን "ኋላ ቀር ልማድ" ማለት የተለመደ ነበርና የገበሬ ማኅበሩን ሊቀመንበር ሊያማክር ሄደ። ሊቀመንበሩም የዚያው አገር ልጅ ነው፤ ግራ ቀኙን አይቶ "ጓድ፣ እኔ አላየሁም፣ አልሰማሁም። ግን ሂዱ" አለው። እሱ ራሱ ቀድሞን ሄዶ ዳር ላይ ተቀምጦ አገኘነው።

ሽማግሌዎቹ እርጥብ ሣር ይዘው መረቁ። ቦጋለች ጴንጤ ስለሆነች ራቅ ብላ ቆመች። አቶ ኦይቻ አላስገደዷትም፤ "ሣሩን ባትይዢም እውነቱን ያዢ" አሏት። ከዚያ ሦስታችንም ያየነውን በየተራ እንድንናገር፣ አንዱ ሲናገር ሌላው እንዳያቋርጥ አዘዙ። ለእኛ ይህ ከባድ ቅጣት ነበር። ሲስተር ተናገረች፣ መርዕድ ተናገረ፣ እኔም ተናገርኩ። አቶ ኦይቻ እስከ መጨረሻው ሰሙና ወደ ቦጋለች ዞሩ።

"ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው?"

ቦጋለች መሬት መሬት አየች። "ለማን ነው?" አለች።

ሰዉ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። "ለነርሷ ከሆነ ሁለት ዓመቷ ነው። ዱቄቱ ለትንንሾቹ ነው የሚሰጠው ብለውኛል። ለአስተማሪው አምስት ነው። ትምህርት ቤት የሚያስገቡት ትልልቆቹን ነው። ለዘነበች ምንም አላልኳት፤ እሷ የምትሰጠው ነገር የላትም።"

ዘነበች እኔ ነኝ። ሰዉ እንደገና ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ሳቁ ሳያልቅ ቦጋለች ማልቀስ ጀመረች። "ዱቄቱን ውሰዱት። ልጄ ጎደሎ አይደለችም፤ የጎደለው የእኔ ቃል ነው። ስሟን መልሱልኝ" አለች።

ያ ንግግር ያን ጊዜ ቀላል አልነበረም። በእርዳታ እህል መዋሸት ሊያስቀጣት ይችል ነበር፤ ቀጪው ደግሞ እዚያው ተቀምጧል። ሁላችንም ወደ ሊቀመንበሩ ዞርን። ሊቀመንበሩ ጆሮውን እያሻሸ "ዛሬ ይሄ ጆሮዬ አሞኛል፤ ምንም አልሰማ አለኝ" አለ። እስከ ዛሬ ባስታወስኩት ቁጥር እወደዋለሁ።

መርዕድ ብድግ አለ። ቀልቶ ነበር። "ሲስተር፣ የሁለት ዓመት ልጅ ናት ብለሽ ነው የመዘንሻት?" አላት።

"አንተስ የአምስት ዓመት ልጅ ናት ብለህ ነው የፈተንካት?"

እየተያዩ ቆሙ። ስንት ማታ ስንነታረክ አንዳችን ለሌላችን ዕድሜዋን አልነገርንም። ሁላችንም የጠየቅነው አንዲትን እናት፣ የፈለግነው አንድ ነገር ነው፤ ግን እናቲቱ በእያንዳንዳችን እጅ ላይ ምን እንደምታይ አላሰብንም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ? ሁለት ዓመትና አምስት ዓመት ብትልማ ምን ይፈረድባታል!

ሽማግሌዎቹ "ሂዱና አብራችሁ ጠይቁ" ብለው አስታርቀው ለቀቁን። ቦጋለች ቤት ሦስታችንም ባዶ እጃችንን ሄድን፤ ሚዛንም ካርድም አልያዝንም። ጎረቤቶቿን ሰበሰብንና ዓመት መጠየቅ ትተን ወሬ ጠየቅን። አንዷ "መሠረተ ትምህርት ሲጀመር ቦጋለች ሆዷ ገፍቶ ነበር፤ ከመማሪያው ወንበር መነሣት አቅቷት ስቀንባታል" አለች። ሌላዋ "የተወለደችው ገብስ ሲታጨድ ነው፤ አራስ ልጠይቅ የመጣሁት ከማሳ ነው" አለች። የአንዷ ወሬ ከሌላዋ እየተያያዘ የማርታ ዕድሜ በሁለቱ ውሸቶች መሐል ተገኘ፤ ከሁለትም በላይ፣ ከአምስትም በታች። ለዕድሜዋ ክብደቷም ደህና ነው።

አፏስ? እኛ ስናወራ ማርታ እንሰቱ ሥር ከአንድ ግልገል ጋር በጋሞኛ ትለፈልፍ ነበር። መርዕድ ቀስ ብሎ አጠገቧ ተቀመጠና ከኪሱ አንድ ካርድ አወጣ፤ ለካ አንዷን ደብቆ ይዟል። የባቡር ሥዕል ነው። ሲፈትናት በማታውቀው አማርኛ፣ አይታው የማታውቀውን ነገር ነበር የጠየቃት። አሁን እኔ በጋሞኛ "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት። ማርታ አተኩራ አየችውና "ቤቶች ተያይዘው ገበያ ሲሄዱ ነው" አለች። ስተረጉምለት መርዕድ ዓይኑ እንባ ሞላ። ዳጣ አልነበረም።

በገበያ ቀን መርዕድ ሰው በተሰበሰበበት ቆሞ "ማርታ ምንም የጎደላት ነገር የለም። ስህተቱ የእኔ ነው" አለ፤ እኔም በጋሞኛ ደገምኩት። ማርታ አፀደ ሕፃናቱ በተከፈተ በሁለተኛው ዓመት ገባች። እኛም የሠራነውን ሁሉ ጥለን ከመጀመሪያው ጀመርን፤ ሦስታችን አብረን፣ በአንድ ጥያቄ። መርዕድ ሕፃናት ሚዛን ላይ ሲሰቅል፣ ሲስተር ካርድ ይዛ "ይሄ ምንድን ነው የኔ ጌታ?" ስትል ማየት ነበር! ባቡሩን አውጥተን በምትኩ በቅሎ ሣልን። በቅሎዋን የሣልኩት እኔ ስለሆንኩ ልጆቹ ሁሉ "ውሻ" ይሉ ነበር።

ሳምራዊት ይህን ስትሰማ ሦስተኛ ሙዟን ጨርሳለች። "ቦጋለችስ?" አለችኝ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፈች። ለቅሶው ላይ ስለ እናቷ የተናገረችው ማርታ ናት፤ ያን ያህል ሰው ፀጥ ብሎ ሲሰማ፣ እኔ ጥግ ላይ ሆኜ ያቺን ሴት በሜዳው ላይ "ስሟን መልሱልኝ" ስትል እሰማት ነበር። ተመልሶልሻል ቦጋለች፣ አልኩ በልቤ።

ሳምራዊትን የመከርኳት ይህንኑ ነው። ከነርሶቹ አጠገብ ተቀመጪ፣ የጠየቅሽውን ንገሪያቸው፣ የጠየቁትን ስሚ። ከመጠየቅሽ በፊት ደግሞ እናቲቱ በእጅሽ ላይ ምን እንደምታይ አስቢ። ተንኮል ባለበት ፈገግታ አየችኝ።

"እማማ፣ ለመሆኑ አንቺ ስንት ዓመትሽ ነው?"

"ለማን ነው?" አልኳት።

ሳቋን ሳትጨርስ ስልኬ ጮኸ። ማርታ ናት። ለሳምራዊት ሽንኩርቱንና ቢላዋውን አምጪልኝ ብዬ አነሣሁት።